በረከት የሚባለው ሰው

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለኢንስፔክተር በዳሳ በስልክ የደረሰው ቃል «ግድያ ነው፣ ቶሎ ድረሱ» የሚል ነበር። ከአትላስ ወረድ ብሎ ያለው ባለ ስድስት ፎቅ የግል ሆስፒታል ሲደርስ ግን የጠበቀው ሬሳ የብረት ሳጥን ሆኖ አገኘው። በሁለተኛው የቀዶ ሕክምና ክፍል ጥግ፣ ከመደርደሪያው ራስ ላይ፣ የጫማ ካርቶን የምታክል ጥቁር ሳጥን ክዳኗ ተነቅሎ፣ ገመዷ በመቀስ ተቆርጦ ተጋድማለች። ሆዷ ባዶ ነው።

በዳሳ ሳጥኗን ከፊትም ከኋላም አገላብጦ አያትና ግድያ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ዶክተር ፍረወይኒ። አርባዎቹ ውስጥ የገባች ቀጭን ሴት ናት፤ አረንጓዴ የኦፕሬሽን ልብሷን አላወለቀችም። «ስርቆት ነው ብልዎት ነገ ነበር የሚመጡት።»

እዚያው ወደዳት። በዳሳ ለውሸት ክብር ነበረው። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ከመገናኛ ሰሚት በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር፤ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ትምህርት ደግሞ በማታ እያንቀላፋ ነው የጨረሰው። ከዚያ ዘመን የተረፈው ሀብት ተረቶቹ ናቸው። «አንድ ቀን ሃያ ሦስት ሰው ጭነን ሃያ አራት ወረደ» ብሎ ይጀምራል፣ ፊቱ ሳይፈታ። ጉርድ ሾላ ላይ መንገዱ ተዘግቶ አንዷ ተሳፋሪ ወለደች፤ ልጁ ዛሬ ራሱ ሾፌር ሆኗል፣ መንገዱ ግን እስካሁን አልተከፈተም። ይህን የሰማ ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ ይናደዳል፣ ወይ ያርመዋል። በዳሳ የሚፈልገው አራሚውን ነው። ሰው ሊያርም ሲቸኩል የሚያውቀውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋል፣ ማወቁን መደበቅ የነበረበትንም ጭምር። ስንቱን ሌባ የያዘው በዚህ ነው።

ዶክተሯ ነገሩን አስረዳችው። ከትልቁ መብራት አጠገብ ካሜራ አለ። ፊት አይቀርጽም፤ እጅና ድምፅ ብቻ ነው። የተቀረጸው ሳጥኗ ውስጥ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት መጋረጃ ዘግተው ያዩታል፤ ነባሩም ተማሪውም አንድ ላይ። የመጀመሪያውን ቀን ያሳየችው የራሷን ስህተት ነው።

«ሰው ሲሠራ ራሱን አያይም» አለችው። «ስፌት ላይ እጄ እንደሚቸኩል ያወቅኩት ስክሪን ላይ ሳየው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም።»

ከሳጥኗ የጠፋው ዲስክ ላይ ያለፈው ሐሙስ ነበረበት። ሐሙስ ዕለት ሳምራዊት የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሰፊ፣ የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ቅዳሜ ሆዷ ተነፋ፣ ትኩሳቷ ነደደ። ፍረወይኒ እንደገና ስትከፍታት መዳፍ የሚያክል ደም የሚመጥ ጨርቅ፣ ሐኪሞቹ ጎዝ የሚሉት፣ እዚያው ተቀምጦ አገኘችው። ልጅቷ አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት። ወንድሟ እሑድ ለፖሊስ አመለከተ፤ ጎዝ የመቁጠሩ ሥራ የነርሷ ነውና ሲስተር ሱሀይላ ያንኑ ቀን ታሰረች። ይኸው በማግስቱ ዲስኩ የለም።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ አዲስ ሁለት ስልክ ይዞ ገባ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር እንደሌለ በትሕትና አስረዳ፦ ዲስኩ ቢጠፋ የሚጠቀመው ማን ነው? እሑድ ጠዋት ሳትያዝ በፊት ወደዚህ ፎቅ የወጣችውስ ማን ናት? ለማንኛውም ቦርዱ ካሜራዎቹን ሊያስነቅል ነው፤ ጉዱን ያመጣው ካሜራው ነው።

ኮማንደሩም በስልክ ያሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ፋይሉ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይድረስ፤ የነርሷን የሙያ ፈቃድ የሚያሳግደው ደብዳቤም በዚያው ይወጣል።

*

ሱሀይላ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሻርፗን አጥብቃ አስራለች። በዳሳ ገና ወንበር ሲስብ ጀመረች።

«ቆጥሬያለሁ።»

«አልጠየቅኩሽም እኮ።»

«ሊጠይቁኝ ነው። ቆጥሬያለሁ፤ አንድ ጎድሏል ብያለሁ። ዶክተር ሊባን ባልዲ ውስጥ ይሆናል ብለው ዘጉ።»

ዶክተር ሊባን ከሆስፒታሉ ባለቤቶች አንዱና አንጋፋው ቀዶ ሐኪም ናቸው። በዳሳ እሳቸው ጎድሏል የተባለ ነገር እንዳልሰሙ ነገራት። የሰመመን ባለሙያውና ረዳቱም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አልሰማንም ብለዋል።

«ይበሉ። ቪዲዮው ሰምቷል።»

«ቪዲዮው ተሰርቋል። ያውም አንቺ እሑድ በሄድሽበት ሰሞን።»

«ጫማዬን ላመጣ ነው የሄድኩት። ደግሞ ያ ዲስክ ጠበቃዬ ነው። ሰው የራሱን ጠበቃ ይሰርቃል እንዴ?»

ቅዳሜ ማታ አቶ አዲስ ቢሮው ጠርቶ አንድ ወረቀት አቅርቦላት እንደነበር ነገረችው። ስህተቱ የእኔ ብቻ ነው ብለሽ ፈርሚ፣ በፈቃድሽ ልቀቂ፣ ሌላውን እኛ እናበርደዋለን የሚል። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀዳ ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች። በዳሳ መቅደዷን ወደደው፤ አራት ቦታ ማለቷን ደግሞ አስተዋለው። የምትቆጥር ሴት ናት።

*

ከሰዓት በኋላ ፍረወይኒ አንድ ነገር ትዝ አላት። ግማሹ ስህተት ያለው እጅ ላይ ሳይሆን ወሬ ላይ ስለሆነ፣ ፍሬ የምትባል ጸሐፊ ከየቪዲዮው ንግግሩን እየሰማች በጽሑፍ ታወጣለች። የሐሙሱንም አርብ ጀምራው ነበር።

ፍሬ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጥላ ሦስት ገጽ አወጣችለት። ያደረሰችው ግማሹን ብቻ ነው፤ ሐሞቱ ከመቆረጡ በፊት ያለውን። ሌላውን ሰኞ ልቀጥል ብላ ሄደች፣ ሰኞ ዲስኩ የለም። የማስተማሪያ ጽሑፍ ላይ የሰው ስም አይገባም፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ ሰመመን እየተባለ ነው የሚጻፈው። አንድ ስም ብቻ ግን አምልጧት ቀርቷል። በዳሳ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበው፦

«ነርስ፦ በረከት! ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት…» እስከ አሥር።

«ይሄ በረከት ማነው?»

«እኔም ግራ ገብቶኝ ነው የተውኩት ኢንስፔክተር። በዚያ ቀን ተረኞች ውስጥ እንደዚህ የሚባል የለም። ቃለ አጋኖውን ያደረግኩት ስትጣራ ስለመሰለኝ ነው።»

አቶ አዲስ የወረቀቱን ቅጂ ሲያይ ፊቱ በራ። የማይገባ ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ሲስተር ከእሱ ጋር ስትጫወት አንድ ሳትል ሁለት ብላ ጀመረች፤ ያ ያልተቆጠረው አንድ ጎዝ ሆድ ውስጥ ቀረ። ሰውየው ዲስኩንም ወስዶላት ይሆናል። በዳሳ ጭንቅላቱን እያከከ ተመለሰ። ነገሩ ልክ እንደ ጥሩ ውሸት ከዳር እስከ ዳር ይገጥማል።

ጣቢያ ሄዶ ሱሀይላን በረከት ማን እንደሆነ ጠየቃት።

«የትኛው በረከት?»

«ሐሙስ ኦፕሬሽን ክፍል የጠራሽው።»

«በረከት የሚባል ሰው አላውቅም። ማንንም አልጠራሁም።»

ዓይኗን አላሸሸችም። ወረቀቱን አውጥቶ ቢያሳያት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ማስረጃ ለተጠርጣሪ አይታይም ብለው በማታው ትምህርት ቤት አስተምረውታል፤ ከዚያ ትምህርት የያዘው አንዱ ነገር ይሄ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ሙሉ አከሰረው። ልቡ ከእሷ ላይ ትንሽ በረደ። እንደዚህ አድርጋ የምትዋሽ ከሆነ፣ አለ ለራሱ፣ ከእኔ ትበልጣለች።

*

ማክሰኞ ጠዋት በረከት ፍለጋ ወጣ። በረከት የሚባል ሰው በቦሌ ከባዶ ታክሲ ይልቅ ይገኛል። የሆስፒታሉ የሌሊት ዘበኛ በረከት ነው፤ ሐሙስ ዕለት ግን ቡራዩ ለቅሶ ላይ ነበር፣ ሰባት ሰው መስክሮለታል። ላብራቶሪ ያለችው በረከት ሴት ናት፤ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ልጁንም ሳይጠየቅ አሳቀፉት። ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሾፌር በረከት በዚያ ሰዓት በትራፊክ ተይዞ ቅጣት ተጽፎለታል። የመድኃኒት አስመጪው በረከት አዳማ ነበር። ፊት ለፊት ካለው ካፌ አንድ አስተናጋጅ ፖሊስ በረከትን ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ በኋላ በር ወጣ፤ በዳሳ እስከ ሩዋንዳ ሰፈር ድረስ ተከትሎት ሲይዘው ሸሽቶ የነበረው ስለ ሌላ ነገር፣ ስሙም ሊቁ ሆኖ ተገኘ።

ዶክተር ሊባንን ያገኛቸው በሁለት ኦፕሬሽን መሀል እጃቸውን ሲታጠቡ ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ድምፃቸው ረጋ ያለ። በረከት የሚባል ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም አሉ። ስሙ ሲጠራም አልሰሙም። ቆጠራው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ተቆጠረ፣ ሙሉ ነው ተባለ፣ ዘጉ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ውሃው ይፈስ ነበር። በዳሳ ሰዓቱን አየ፤ ሰውየው አራት ደቂቃ ሙሉ አንድ እጅ ብቻ ነው ያጠቡት።

ቀጥሎ የአቶ አዲስን የሐሙስ ውሎ ሊያጣራ ቦሌ ለሚ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ነበርኩ ብሏል፤ ከልብስ ፋብሪካው ጋር የሠራተኞች ሕክምና ውል ሊፈራረም። የሐሞቱ ኦፕሬሽን የተሠራው ከስምንት ተኩል እስከ አሥር ነው። የፋብሪካዋ ተቆጣጣሪ ሊና እውነት ነው አለች። እንዲያውም ሐሙስ ፊርማው የዘገየው አንድ ማሽን ላይ መርፌ ስለተሰበረ ነው። መርፌ ከተሰበረ መስመሩ በሙሉ ይቆማል፤ ስባሪው በማግኔት ይለቀማል፣ ወረቀት ላይ ተለጥፎ መርፌው ሙሉ እስኪሆን ማንም አይሰፋም። አንዲት ቅንጣት ጠፍታ ሃምሳ ደቂቃ ቆሙ።

«ለአንድ መርፌ?»

«ሕፃን ልጅ የሚለብሰው ልብስ ውስጥ ቢገባስ?» አለችው ሊና። ሳምራዊት የእሷ መስመር ሠራተኛ ናት። «እሷም ብትሆን ራሷ ታቆም ነበር።» አቶ አዲስ ግን በመዘግየቱ ተቁነጥንጦ፣ እዚያ ጥግ ጋ ቆሞ ስልክ ላይ ሲጮህ እንደዋለ አከለችበት።

በዳሳ ሁሉንም ጻፈ። ሰውየው በቦታው አልነበረም፤ ምስክሩ አንድ ፋብሪካ ሙሉ ሰው ነው። ከዚህ የተሻለ መከታ ማንም አይኖረውም።

*

ወደ ሆስፒታሉ ተመልሶ አቶ አዲስን ቢሮው አገኘው። ሐሙስ ወደ ኦፕሬሽን ክፍሉ ደውሎ እንደሆነ ጠየቀው። አልደወልኩም አለ፣ የሚሠራ ሐኪም አይረበሽም። በዳሳ ማኪያቶውን እያማሰለ አንዱን ተረቱን ለቀቀ። በረከትን አገኘሁት ማለት ይቻላል አለ። የልጅቷ ፍቅረኛ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጠራችው፣ ሰላም አለችው፣ ሄደ። ከዚያ ሥራዋን በሥርዓት ጨረሰች። አንድ ጊዜ ሰላም በማለት ደግሞ ሰው አይታሰርም።

አቶ አዲስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አንድ ጊዜ አይደለም ኢንስፔክተር። መጀመሪያ ላይ አንዴ ጠራችው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ሰው ሆዱ ተከፍቶ ተኝቶ እሷ በረከት፣ በረከት ስትል። ይሄ ሰላምታ ነው?»

«እውነትዎን ነው፣ ይሄስ አልበዛም?» ብሎ በዳሳ ጻፈው። ከዚያ ማኪያቶውን ጨርሶ ወጣ። ምን እንደጻፈ አላወቀም ነበር።

ኮማንደሩ ደወሉ። በረከት የሚባል ሰው ተገኘም አልተገኘም ፋይሉ ዛሬ ማታ ተዘግቶ ይደር አሉ። በዳሳ አይዘጋም ጌታዬ አለ። ትእዛዝ ነው አሉ። ገባኝ ጌታዬ፣ ግን አይዘጋም አለና ኔትወርኩ ተቋረጠ ለማለት አፉን እንኳ ሳያስቸግር ስልኩን ዘጋው።

*

የቀረው የሱሀይላን ቤት መፈተሽ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀቱን ይዞ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሄደ። እናቷ ወይዘሮ ፈሂማ ምድር ቤቱ ላይ የእህል ሱቅ አላቸው። በር ላይ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ በጆንያ አፍ ተከፍቶ ተደርድሯል። ሚዛን አለ፣ አቧራ ጠጥቷል፤ እሳቸው የሚሰፍሩት በጣሳ ነው። በዳሳ ሲደርስ ለአንዲት ሴትዮ ምስር እየሰፈሩ ስለነበር ቤቱን ሊፈትሽ መምጣቱን ነግሯቸው ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃቸው።

«በረከት» አሉና የመጀመሪያውን ጣሳ ዘንቢሉ ውስጥ ገለበጡ። «ሁለት። ሦስት። አራት።»

በዳሳ ዞሮ ወደ ኋላው አየ። ከኋላው የቆመ ሰው የለም።

«እማማ፣ አሁን ማንን ነው የጠሩት?»

«ማንን ጠራሁ?»

«በረከት አሉ እኮ።»

«እሱማ አንድ ነው» አሉት፣ አምስተኛውን እየገለበጡ። «እህል አንድ ተብሎ አይሰፈርም ልጄ። የመጀመሪያው በረከት ይባላል፣ ከዚያ ሁለት። የሱሀይላ አባት ከሚሴ ገበያም እንዲያ ነበር፣ የእሱም አባት። አንተ ከተሜ ነህ መሰል።»

«ሱሀይላም እንደዚህ ነው የምትቆጥረው?»

ወይዘሮ ፈሂማ ሳቁ። «እሷማ ደረጃ ስትወጣም እንዲህ ነው ምትቆጥር። ከአራት ዓመቷ ጀምራ እዚህ ጣሳ ይዛ ያደገች ናት። አንድ በይ ብትላት ትደነቃቀፋለች።»

በዳሳ ሳያስፈቅድ የሽምብራው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አራት በረከቶች ከነአራሷ፣ እስከ ሩዋንዳ የተሮጠበት ሊቁ፣ ሁሉም በፊቱ ተሰልፈው አለፉ። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ማንንም አልጠራችም። አንድ ብላለች፣ ሁለት ብላለች፣ አሥር ብላለች።

ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ በረከት አለች ብሎ ጽፏል፤ በራሱ እጅ፣ ከአቶ አዲስ አፍ። ፍሬ ያደረሰችው ግማሹን ነው። መጨረሻው ዲስኩ ላይ ብቻ ነው ያለው። ደግሞ ሦስት ጊዜ በረከት ማለት…

ተነሣ። ወይዘሮ ፈሂማ ቤቱን ሊፈትሽ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁት።

«ፈተሽኩ እማማ» አላቸው።

*

አሥር ሰዓት ላይ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ አራት ሰው ተቀመጠ፦ አቶ አዲስ፣ ዶክተር ሊባን፣ ዶክተር ፍረወይኒና በዳሳ። በዳሳ ዶክተር ሊባንን መጨረሻ ላይ በረከት ሲባል ሰምተው እንደሆነ ዳግመኛ ጠየቃቸው። አልሰማሁም አሉ። ለአቶ አዲስ ስለ ቆጠራው የነገሩት ነገር አለ? የለም አሉ።

«እንግዲህ አቶ አዲስ፣ እርስዎ ሐሙስ ቦሌ ለሚ ነበሩ።»

«አጣርተዋል መሰለኝ።»

«እስከ መጨረሻ አጣርቻለሁ። እዚህ አልነበሩም። ጽሑፉም መጨረሻው ላይ አልደረሰም። ታዲያ መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ በረከት ማለቷን በምን አወቁ?»

አቶ አዲስ አንዱን ስልክ አነሣ፣ መልሶ አኖረው። ሰው ነገረኝ አለ። ማን ተብሎ ተጠየቀ። ከሠራተኞቹ አንዱ መሆን አለበት አለ።

«ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አልሰማንም ብለው ፈርመውልኛል። ወይ ሁሉም ዋሽተዋል፣ ወይ እርስዎ በስልክ ሰምተዋል፣ ወይ ዲስኩን አይተዋል። እርስዎ ይምረጡ፤ እኔ ለሦስቱም ቦታ አለኝ።»

«ምን ለውጥ ያመጣል?» አለ ሰውየው፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። «ሥራዋን ትታ ሰው ስትጠራ ነበር እኮ ነው የምልዎት።»

«በረከት ሰው አይደለም» አለ በዳሳ። «በእነ ሱሀይላ ቤት በረከት አንድ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ በረከት አለች ማለት ሦስት ጊዜ ከአንድ ጀምራ ቆጠረች ማለት ነው። ሙሉ የሆነለት ሰው ሦስት ጊዜ አይቆጥርም። ለእሷ የመሰከሩላት እርስዎ ነዎት አቶ አዲስ። ከእርስዎ በቀር ማንም አልመሰከረላትም።»

ፍረወይኒ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዶክተር ሊባን መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ነግራኛለች» አሉ። «ሦስቴም ጎድሏል ብላኛለች። እሱ ደግሞ ከቦሌ ለሚ ደውሎ በግድግዳው ስልክ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ነው፣ ጨርቅ ስትቆጥሩ አትምሹ እያለ። ሁላችንም ሰምተነዋል። ዘጋሁ።»

ዲስኩ የተገኘው እዚያው ቢሮ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለችው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሐኪም በሞላበት ሆስፒታል ማንም የማይከፍታት ሳጥን እሷ ናት። አቶ አዲስ ለምን እንዳልሰበረው ዶክተር ሊባን ገብቷቸዋል፦ ዲስኩ ላይ ያለው የእሱ ድምፅ ብቻ አይደለም፣ የእሳቸውም እጅ ነው። አንድ ቀን እሳቸውን ማሠሪያ ይሆነኛል ብሎ አስቀምጦታል።

በዳሳ አቶ አዲስን ይዞ ሲወጣ ሁለቱም ስልኮች ይጠሩ ነበር።

*

ሱሀይላ ያንኑ ማታ ተፈታች። ረቡዕ ጠዋት የቦርዱ ደብዳቤ መጣ፦ ካሜራዎቹ ይነቀሉ፣ የዛሬው ትዕይንት ይሰረዝ፣ ሲስተር ሱሀይላም ጉዳዩን ለማንም እንደማትናገር ፈርማ ወደ ሥራዋ ትመለስ። ሱሀይላ አልፈርምም አለች። ፍረወይኒ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አጥፋ ከፕሮጀክተሩ አንደኛው እግር ሥር ሸጎጠችው፤ ጋደል ብሎ የነበረው ምስል ቀና አለ።

አንድ ፈቃድ ግን ጠይቃለች። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብታ ዓይኗን ከገለጠች ገና ግማሽ ቀን ለሆናት ሳምራዊት ነገሩን ሁሉ ነገረቻትና ይታይ ወይስ ይቅር አለቻት። ሆዱ የአንቺ ነው አለቻት። ልጅቷም «ያሳዩት» አለች። «ለሁሉም።»

ዲስኩን ያመጣው በዳሳ ነው። ኤግዚቢት ነው፣ ከእጅህ እንዳይወጣ ብለውት ነበርና ከእጁ ሳይወጣ ራሱ ሰካው። ኮማንደሩ የት ነህ ሲሉት ማስረጃ እየመረመርኩ ነው አላቸው፤ በሳምንቱ ውስጥ ከተናገረው ሁሉ ይሄ እውነት ነበር።

መጋረጃው ተዘጋ። ከሌሎች ሆስፒታሎች የመጡ ተማሪ ሐኪሞች መሬት ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ዶክተር ሊባን ከፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ማንም ይምጡ አላላቸውም። ስክሪኑ ላይ ጓንት ያጠለቁ እጆች፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣ መብራት። የሴቷ ድምፅ ሲቆጥር ተሰማ፤ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ጎድሏል አለ። እንደገና ቆጠረ፣ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ከግድግዳው ስልክ የአቶ አዲስ ድምፅ ጮኸ። ሦስተኛ ቆጠረ። ጎድሏል። ከዚያ አንድ ትልቅ እጅ ወደ ጎን ተዘረጋ፤ መዳፉን ከፍቶ ጠበቀ።

በክፍሉ ውስጥ ሁሉም ያንን እጅ ያይ ነበር። አንዳንዱ አንገቱን ነቀነቀ፣ አንዱ በሹክሹክታ ተሳደበ። ዶክተር ሊባን አልተንቀሳቀሱም።

«አቁሚው» አለች ሱሀይላ።

ፍረወይኒ አቆመችው። ሱሀይላ ተነሥታ ወደ ስክሪኑ ሄደች። የተዘረጋውን እጅ አለፈችና ከጥግ በኩል የሚታየውን ሌላ ትንሽ እጅ በጣቷ ነካች። ትንሿ እጅ የስፌት መርፌ ይዛለች፤ ልታቀብል ግማሽ መንገድ ደርሳለች።

«እናንተ እሳቸውን ነው የምታዩት» አለች። «ይቺ የእኔ እጅ ናት። ሦስት ጊዜ ጎድሏል ብያለሁ፣ ሰምታችኋል። ከዚያ መርፌውን ሰጠሁ። ባልሰጥ ኖሮ በምን ይዘጉ ነበር? ሦስት ቀን ታስሬ ትክክል ነኝ ስል የነበርኩት ግማሹን ነው። ስህተቴ እዚች ጋ ነው።»

ከስክሪኑ ወደ ተቀመጡት ዞረች። ገና አልጨረሰችም።

«ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሩ ሳይሞላ መርፌ አልሰጥም። ለማንም። የሚያባርረኝ ያባርረኝ።»

ከኋላ መሬት ላይ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ነርስ እጇን አወጣች። ድምፅዋ ለመሰማት ያህል ብቻ ነበር።

«ሐኪሙ ቢቆጣስ ሲስተር?»

ሱሀይላ ዶክተር ሊባንን አየቻቸው፤ እሳቸውም አላሸሹም።

«ይቆጣ» አለች።